ያውቁ ኖሯል? አስፋልቱ ባሕር ዳር ሲያልቅ!

ያውቁ ኖሯል? በአሜሪካዋ የዋሽንግተን ግዛት ባሕር የሚሻገር አውራ ጎዳና አለ! ቁጥር 20 የተባለው የግዛቱ ጎዳና ፖርት ታውንሴንድ ሲደርስ አስፋልቱ ያልቅና ውሃው ይጀምራል። ጎዳናው ግን አላለቀም! መኪናዎን ፌሪ በተባለ አሻጋሪ መርከብ ላይ ያወጣሉ፤ ባሕሩን ይሻገራሉ፤ ማዶ ሲወርዱ አሁንም ቁጥር 20 ላይ ነዎት! መርከቧ የምትሄድበት መስመር በሕግ የጎዳናው አካል ነው!

ይህ ሁሉ የሚሆነው በሲያትል ዙሪያ ነው፤ ብዙ ወገኖቻችን ኑሯቸውን በመሠረቱባት ከተማ! ባሕሩ ፑጄት ሳውንድ ይባላል። ከሰላማዊ ውቅያኖስ ተነሥቶ የብሱን ሰንጥቆ የገባ፣ ደሴት የበዛበት ባሕር ነው። (ዓመታቱን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያንብቡልን።)

ያውቁ ኖሯል? የግዛቱ መንግሥት 21 ፌሪዎች አሉት! በመላው አሜሪካ ይህን የሚያህል የፌሪ አገልግሎት የለም። በ2019 ብቻ 24 ሚሊዮን ገደማ መንገደኛ አመላልሰዋል! በዚያው ዓመት መርከቦቹ በቀን ከ400 ጊዜ በላይ ከወደብ ይነሡ ነበር። በየቀኑ!

ከሁሉ የሚልቁት ሦስቱ ታኮማ፣ ዌናቺና ፑያለፕ ናቸው። ርዝመታቸው 140 ሜትር ነው፤ ከእግር ኳስ ሜዳ ይረዝማሉ! እያንዳንዳቸው 202 መኪናና 2,500 ሰው በአንድ ጊዜ ይሸከማሉ። እንደዚያም ሆኖ ከሲያትል ቤይንብሪጅ ደሴት ለመድረስ 35 ደቂቃ ይበቃቸዋል!

ያውቁ ኖሯል? እነዚህ መርከቦች ፊትና ኋላ የላቸውም! ሁለቱም ጫፎች አፍንጫ ናቸው። ሁለቱም ጫፎች ፕሮፔለርና መሪ አላቸው። የካፒቴኑም ክፍል ሁለት ነው! መርከቧ ወደብ ደርሳ ልትመለስ ስትል አትዞርም። ካፒቴኑ በእግሩ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሄድና ኋላ የነበረው ፊት ይሆናል!

ለሾፌሮችም እንዴት ያለ ግልግል ነው! በአንዱ ጫፍ ይገባሉ፤ በሌላኛው ይወጣሉ። ብዙ ጊዜ ማርሽ ወደ ኋላ ማስገባት አያስፈልግም!

መኪና ሲጫን አስተውለው ያውቃሉ? ከባድ መኪኖች በመሐለኛው መስመር ይገባሉ፤ ቀላሎቹ ወደ ዳርና ዳር ይመራሉ። ሠራተኛው በእጁ ብቻ እያመለከተ በመቶ የሚቆጠሩ መኪኖችን በጥቂት ደቂቃ ይደረድራል። በመርከቧ ግራና ቀኝ ያለው ክብደት እንዲመጣጠን የሚያደርገው ይህ የእጅ ምልክት ነው!

ብስክሌትና ሞተር ሳይክልስ? እነሱ ብዙ ጊዜ ከመኪናው ሁሉ ቀድመው ይገባሉ፤ ቀድመውም ይወጣሉ! የመኪናው ሰልፍ አንድ ኪሎ ሜትር ቢሆን እንኳ በጎኑ አልፈው ይሄዳሉ።

ያውቁ ኖሯል? ሲያትል ላይ ባሕሩ በአንድ ቀን ውስጥ በአማካይ 3 ሜትር ተኩል ያህል ከፍና ዝቅ ይላል! ጠዋት መርከቧ ከወደቡ በላይ ትታያለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቁልቁል ትወርዳለች። ስለዚህ መኪና የሚሻገርበት ድልድይ ራሱ የሚንቀሳቀስ ነው። መርከቧ በመጣች ቁጥር ባሕሩ በቆመበት ልክ ያወጡታል፤ ያወርዱታል!

ወደብ ስትጠጋስ መርከቧን ምን ያቆማታል? ፍሬን የላትም! ፕሮፔለሮቹ በተቃራኒው ይሽከረከራሉ፤ ውሃው በአረፋ ይናጣል። ከግራና ከቀኝ ደግሞ ባሕር ውስጥ የተተከሉ ግዙፍ ቋሚዎች አሉ። መርከቧ ስትነካቸው ለጥቂት ተለምጠው ይመለሳሉ፤ እየገፉ ወደ ቦታዋ ያስገቧታል። መለመጥ ሥራቸው ነው!

ያውቁ ኖሯል? ካፒቴን ለመሆን ካርታውን በቃል መያዝ ግድ ነው! እጩው በአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ፈታኞች ፊት ይቀመጣል። ነጭ ወረቀት ይሰጡታል። የባሕሩን መስመር ከነጥልቀቱ፣ ከነድንጋዩ፣ ከነመብራቱ፣ ከነተንሳፋፊ ምልክቱ ምንም ሳያይ ይስላል! አንድ መስመር ብቻ አይደለም፤ ፈቃድ በሚፈልግበት ባሕር ሁሉ! በስልክ መንገድ በምንጠይቅበት በዚህ ዘመን ይህን ሙያ የያዙ ሰዎች መኖራቸው ያስደንቃል!

ሌላም ይጨምሩ! መርከቧ ጤነኛ ናት፤ ነዳጇ ሙሉ ነው፤ መኪኖቹ ተሰልፈዋል። ከተወሰነው የሠራተኛ ቁጥር ግን አንድ ሰው ጎደለ። አትነሣም! በ2021ና በ2022 በሠራተኛ እጥረት ምክንያት ብዙ ጉዞ ተሰርዟል። ከ100 ሜትር በላይ የምትረዝም መርከብ አንድ ሰው በመታመሙ ወደብ ላይ ታስራ ትውላለች!

ጭጋግ ሲወርድ ሲያትል ውስጥ ተኝተው ያውቃሉ? ያ ከባሕሩ የሚመጣው ረጅም ድምፅ የፌሪ ጥሩንባ ነው። ቢበዛ በየ2 ደቂቃው መጮህ የባሕር ሕግ ነው! ወደብ ስትቃረብ ደግሞ ጩኸቷ ሌላ ነው፤ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር! የሰፈሩ ሰው በዚህ ድምፅ ብቻ መምጣቷን ያውቃል።

ያውቁ ኖሯል? የመርከቧ ንዝረት የመኪና ማንቂያ ደወሎችን ይቀሰቅሳል! ስለዚህ ሾፌሮች ማንቂያውን አጥፍተው እንዲወጡ ይነገራቸዋል። የረሱት ግን አይጠፉም። ባሕር መሐል፣ ሌባ በሌለበት፣ መኪና ይጮሃል!

ፎቁ ላይ ሲወጡ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ የተበታተነ የሥዕል ቁርጥራጭ ያገኛሉ። ተሳፋሪው እየገጣጠመ ሥዕሉን እንዲሞላ ነው። 35 ደቂቃ ግን አይበቃም! እርስዎ ሰማዩን ጀምረው ይወርዳሉ፤ የማያውቁት ሰው ተራራውን ይቀጥላል፤ ሌላው ማታ ይጨርሰዋል። ፈጽሞ ያልተያዩ ሰዎች አብረው አንድ ሥዕል ሠሩ ማለት ነው! ከዚህ ሁሉ ጉድ እኔን በጣም ደስ የሚለኝ ይህ ነው።

ትኬቱስ? በሲያትልና በቤይንብሪጅ መሐል በእግርዎ ቢሳፈሩ የሚከፍሉት ከሲያትል ሲወጡ ብቻ ነው። ከቤይንብሪጅ ሲመለሱ ማንም አይጠይቅዎትም! ከኦክቶበር 2022 ወዲህ ደግሞ ዕድሜያቸው 18 እና ከዚያ በታች የሆኑ ተሳፋሪዎች ሁሉ በነጻ ይሄዳሉ። ወዲያም ወዲህም!

ያውቁ ኖሯል? ቫሾን ደሴት ድልድይ የላትም! ትምህርት ቤት አላት፤ እርሻ አላት፤ ሺዎች ይኖሩባታል። መኪና የሚገባባትና የሚወጣባት ግን በፌሪ ብቻ ነው። አምቡላንስ ከመጣ ሰልፉ ሁሉ ይቆምለታል፤ ፊት ገብቶ ፊት ይወጣል! ምጥ ግን የመርከብ ሰዓት አይጠብቅም። ፌሪ ላይ የተወለዱ ሕፃናት አሉ!

ሞትም ወደዚህች መርከብ ይመጣል። አስከሬን ማቃጠል በተለመደበት በዚያ አገር፣ ቤተሰብ የሟቹን አመድ ለባሕሩ መስጠት ሲፈልግ ከፌሪው አገልግሎት ጋር ይነጋገራል። ካፒቴኑ የመርከቧን ፍጥነት ይቀንሳል። አመዱ ባሕር ውስጥ በሚበሰብስ ዕቃ ይለቀቃል። ከዚያ መርከቧ መኪኖቿን ይዛ መንገዷን ትቀጥላለች!

ያውቁ ኖሯል? የፌሪ ሠራተኞች የዓሣ ነባሪ ጠባቂዎችም ናቸው! ኦርካ የሚባለውን ጥቁርና ነጭ ፍጡር ሲያዩ ወዲያው ያሳውቃሉ። መልእክቱ በአካባቢው ለሚጓዙ ትልልቅ መርከቦች ይደርሳል፤ እነሱም ፍጥነት ይቀንሳሉ! ትንሽ ጀልባው የተገለበጠበት ሰው ሲያጋጥምም ፌሪዋ መንገዷን ትታ ትሄዳለች፤ የነፍስ አድን ጀልባዋን አውርዳ ታወጣዋለች። ተሳፋሪው ይዘገያል፤ ሰው ይተርፋል!

ነዳጁን ሲሰሙ ደግሞ ይደነግጣሉ! መርከቦቹ ባንድነት በዓመት 19 ሚሊዮን ጋሎን ገደማ ናፍጣ ያቃጥላሉ። ወደ 72 ሚሊዮን ሊትር ነው! ለዚህም ነው ዌናቺ ሞተሯ ተቀይሮ፣ ግዙፍ ባትሪ ተጭኖባት በ2025 ወደ ሥራ የተመለሰችው። 202 መኪና ተሸክማ በባትሪና በናፍጣ ኃይል ትቀዝፋለች!

ያውቁ ኖሯል? ይህ አገልግሎት ሲጀመር ለጊዜው ነበር! እስከ 1951 ድረስ ፌሪዎቹ ብላክ ቦል የተባለ የግል ኩባንያ ንብረት ነበሩ። ባለቤቱ ካፒቴን አሌክሳንደር ፒቦዲ ዋጋ ልጨምር ብሎ ሲከለከል በ1948 መርከቦቹን ሁሉ ለ9 ቀን አቆማቸው! ሰው ባለበት ቀረ። መንግሥትም በ1951 አብዛኛውን በ5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። ሐሳቡ ምን ነበር? ባሕሩ ላይ ድልድይ እስኪሠራ ድረስ ብቻ ማንቀሳቀስ! ድልድዮቹ አልተሠሩም። «ለጊዜው» የተባለው ከ70 ዓመት አልፏል!

ፒቦዲስ? ቀሪ መርከቦቹን ይዞ ወደ ካናዳ ዞረ። እዚያ የከፈተውን ድርጅት ደግሞ በ1961 የካናዳዋ ክፍለ ግዛት ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ገዛችው! አንድ ሰው ለሁለት አገር መንግሥታት ፌሪ ሸጠ! የብላክ ቦል ስም ግን ዛሬም አልጠፋም። በ1959 ሥራ የጀመረችው ኮሆ ከፖርት አንጀለስ ወደ ካናዳዋ ቪክቶሪያ በዚሁ ስም ትመላለሳለች።

ድልድይ ካነሣን ይህን ይስሙ! በጁላይ 1940 የታኮማ ናሮውስ ድልድይ ተመረቀ። በኖቬምበር ነፋስ መጣ። ድልድዩ ተጠማዘዘ፤ ተወዛወዘ፤ ተበጣጥሶ ባሕር ገባ! ዕድሜው 4 ወር ብቻ! ሰው ሁሉ ወደ ፌሪው ተመለሰ። አዲሱ ድልድይ የተከፈተው በ1950 ነው።

በዚህ አላበቃም! ሁድ ካናል የተባለው ባሕር እጅግ ጥልቅ ስለሆነ በ1961 ተንሳፋፊ ድልድይ ተሠራለት። ኮንክሪቱ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል! ፌሪው ሥራ ፈታ። በፌብሩዋሪ 1979 ግን ማዕበል መጣና የድልድዩ ምዕራባዊ ግማሽ ሰመጠ። ማንም አልሞተም! ፌሪው እንደገና ተጠራ። ድልድዩ እስከ 1982 አልተመለሰም። ዛሬ ይህ ድልድይ መሐሉ ይከፈታል፤ በክፍተቱ በአቶም የሚሠሩ የባሕር ሰርጓጅ መርከቦች የሚያልፉበት ጊዜ አለ። መኪኖች ቆመው ሰርጓጁን ያሳልፋሉ!

ያውቁ ኖሯል? ሥራቸውን ድልድይ የነጠቃቸው መርከቦችም ወደዚህ መጥተዋል! በ1927 ለሳን ፍራንሲስኮ የተሠሩ ፌሪዎች በ1936ና በ1937 ሁለቱ ታላላቅ ድልድዮች ሲከፈቱ ሥራ ፈቱ። ፒቦዲ በ1940 ገዛቸው። አራቱ እስከ 2007 ድረስ መኪና ሲያሻግሩ ኖሩ! ሰማንያ ዓመት! በዚያ ዓመት ኖቬምበር የቀፏቸው ብረት በዝገት መበላቱ ታየና ሁሉም በአንድ ቀን ከሥራ ወጡ። የአሜሪካ የምስጋና በዓል ሊደርስ 2 ቀን ሲቀረው!

እነሱ ያሻግሩበት የነበረው መስመርስ ምን ሆነ? ከፖርት ታውንሴንድ ማዶ ያለው ወደብ እጅግ ጠባብና ጥልቀት የሌለው ስለነበር ሌላ የግዛቱ መርከብ አልገባ አለ! ሰው ብቻ በጀልባ እየተሻገረ ከረመ። በመጨረሻ ከሌላ አውራጃ አንዲት ትንሽ ፌሪ በኪራይ መጣች። የምትይዘው 50 ያህል መኪና ብቻ ነበር! ያ ታላቅ ጎዳና ቁጥር 20 በዚህች ትንሽ መርከብ ተንጠልጥሎ ቆየ።

ሮዶደንድረን የተባለችውስ? በ1947 ባልቲሞር ተሠራች፤ በአትላንቲክ ዳር ቼሳፒክ ላይ ሠራች። በ1952 እዚያም ድልድይ ተከፈተ! እሷም በፓናማ ቦይ ዞራ ሰላማዊ ውቅያኖስ ደረሰች። ሲያትል አካባቢ እስከ 2012 አገለገለች!

አሁን ደግሞ የሁሉም ንግሥት ትምጣ። ካላካላ! በ1926 ለሳን ፍራንሲስኮ ፔራልታ ተብላ ተሠራች። በ1933 ወደብ ላይ ተቃጠለች። ቀፎዋ ብቻ ቀረ። ፒቦዲ ያንን የተቃጠለ ቀፎ ገዛ፤ ወደ ሰሜን አስጎተተ። በ1935 ከውስጡ የወጣችው ሌላ ፍጥረት ነበረች! ሁለመናዋ ክብ፣ መስኮቶቿ ክብ፣ ቀለሟ የብር! እንደዚያ ያለ መርከብ ታይቶ አይታወቅም ነበር።

ላይዋ ላይ የሙዚቃ ጓድ ይጫወት ነበር! ማታ ማታ ሰው ለጭፈራ ይሳፈርባት ነበር። ለብሬመርተን የመርከብ ፋብሪካ ሠራተኞች ደግሞ የገላ መታጠቢያ ተሠርቶላት ነበር፤ ቅባት የነካው ሠራተኛ ታጥቦ ቤቱ ይገባል!

አንድ ችግር ግን ነበረባት። ትንቀጠቀጣለች! አንድ ግዙፍ ሞተር መላ አካሏን ያርገፈግፈዋል። ቡና ሲቀዳ ስኒው የሚሞላው እስከ ግማሽ ብቻ ነበር!

ያውቁ ኖሯል? ራዳርን ከጦር መርከብ ወደ ሕዝብ መርከብ ካሻገሩት ቀዳሚዋ ካላካላ ናት! በ1946 የተሰጣት የራዳር ፈቃድ ቁጥሩ 001 ነበር! በ1962 ሲያትል ዓለም አቀፍ ትርኢት ስታዘጋጅ ደግሞ ከስፔስ ኒድል ማማ ቀጥሎ እንግዳ የተሻማው ለእሷ ነበር።

ከዚያስ? በ1967 ጡረታ ወጣች። አላስካ ወስደው የሸርጣንና የሽሪምፕ ማዘጋጃ አደረጓት! ጭቃ ላይ ተቀመጠች፤ ዓመታት አለፉ። ፒተር ቤቪስ የተባለ ቀራጺ አያትና ልቡ ተነካ። ዓመታት ታግሎ በ1998 አስጎትቶ ሲያትል መለሳት! ሕዝቡ ወጥቶ ተቀበላት። የሚጠግናት ገንዘብ ግን አልተገኘም። በ2015 ታኮማ ላይ ተቆራረጠች። እንደ አዲስ የተሠራችባት የከርክላንድ ከተማ ከቁርጥራጮቿ ገዛች፤ የካፒቴኗን ክፍል ደግሞ ሬስቶራንት ወሰደው!

ያውቁ ኖሯል? በ1912 አንድ መርከብ የሲያትልን ሰዓት አቆመ! አላሜዳ የተባለው መርከብ የሲያትሉን ኮልማን ወደብ ሲጠጋ ወደ ኋላ መሄድ የነበረበት ሞተር ወደ ፊት ሄደ። ወደቡን ሰንጥቆ ገባ! የወደቡ የሰዓት ማማ ተነቅሎ ባሕር ወደቀ። ሰዓቱን ከውሃ ሲያወጡት 10፡23 ላይ ቆሞ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ተጠግኖ እዚያው ወደብ ተሰቀለ!

ስሟ ለድንጋይ የተሰጠው መርከብስ? ኤልዋ ናት! በ1983 ካፒቴኗ ለአንዲት ተሳፋሪ ቤቷን በቅርብ ሊያሳያት ብሎ ከመስመር ወጣ። መርከቧ ኦርካስ ደሴት አጠገብ ከውሃ ሥር ካለ ድንጋይ ጋር ተጋጨች! ድንጋዩ ዛሬ በካርታ ላይ «የኤልዋ ድንጋይ» ተብሎ ይጠራል።

ፍጥነትም ያስከስሳል! በ1998 ቺኑክ የተባለች፣ ሰው ብቻ የምትጭን ፈጣን ጀልባ መጣች። የብሬመርተንን ከተማ ለሲያትል አቀረበችው። ግን የምታስነሣው ሞገድ ሪች ፓሴጅ የተባለውን ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ዳርቻ ሸረሸረ! የዳርቻው መሬት ባለቤቶች ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ጀልባዋ ቀስ እንድትል ተደረገ። ከዓመታት ጥናት በኋላ ትንሽ ሞገድ ብቻ የምታስነሣ ሌላ ፈጣን ጀልባ ተሠራች። በ2017 ሥራ ጀመረች፤ የስሟንም ነገር ይስሙ፤ ሪች ፓሴጅ 1 ይሏታል!

ያውቁ ኖሯል? ከእኛ አየር መንገድ ጋርም ዝምድና አለ! የመከልቲዮ ፌሪ ወደብ የሚገኘው ቦይንግ ግዙፍ አውሮፕላኖቹን ከሚገጣጥምበት ከኤቨረት ፋብሪካ ሥር ነው። በ2012 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን ድሪምላይነር የተረከበው እዚያው ነው! ፌሪ እየጠበቁ ቀና ቢሉ አዲስ አውሮፕላን ለሙከራ ሲነሣ ሊያዩ ይችላሉ።

ፌሪ ግን ስንት ዓመት ይሠራል? እዚህ 60 ዓመት ታስቦ ነው የሚሠራው! መኪናዎ ስንት ዓመት ቆየ? በ1959 የተሠራችው ቲሊከም 60ን አልፋም ስታሻግር ነበር!

ከጡረታ በኋላም ሥራ አለ! በ1929 የተሠራችው ስካንሶኒያ መኪና ማሻገር ካቆመች ብዙ ዘመኗ ነው። አሁን ሲያትል መሐል በሚገኘው ዩኒየን ሐይቅ ላይ ታስራ ሠርግ ይደገስባታል! መኪና ይቆምበት የነበረው ወለል ላይ ሙሽሮች ይጨፍራሉ።

ሃይዩስ? የመርከቦቹ ሁሉ ትንሿ ነበረች፤ 34 መኪና ብቻ! እሷም ተሸጣ ዩኒየን ሐይቅ ገብታለች፤ እሷም የድግስ አዳራሽ ሆናለች!